የሎደር ክንድ ጥገና፦ ከአውራ ጎዳና እስከ ቶርኖ ቤት

ከአዲስ አበባ በሳንሱሲ በኩል ወደ አምቦ እንደሚወጣው ያለ አውራ ጎዳና ከባድ ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑም ጠጋኝ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም ሲቋቋም ዶዘርና ሎደር የሚያውቅ መካኒክ ማፍራት ግድ ሆነ። ሙያው ግን ከባዶ አልተነሳም፤ «ቶርኖ» (የብረት መቅረጫ ማሽን) እና «ጎሚኒ» (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ማሸጊያ) የሚሉት የጋራዥ ቃላት የጣልያንኛን አሻራ እንደያዙ ናቸው።

የሎደርን ክንድ የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ራሱ የቆየ ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በውሃ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ በ1795 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፤ በሎደር ላይ የውሃውን ቦታ ዘይት ይዟል። የተነሳ አካፋ ሞተሩ ጠፍቶ ቀስ እያለ ከወረደና በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ፣ ጥርጣሬው በፒስተኑ ጎሚኒ ወይም በመቆጣጠሪያው ቫልቭ ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው። የሲሊንደሩ ዘንግ እስከ መጨረሻው ወጥቶ፣ ክንዱ ተደግፎና ግፊቱ ተለቆ የመመለሻው ቱቦ ይፈታል፤ የቱቦው ጫፍም ይደፈናል። ፓምፑ በዚያው አቅጣጫ ሲገፋ ከሲሊንደሩ ክፍት አፍ ዘይት ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ጎሚኒው አልቋል። ካልፈሰሰ ሲሊንደሩን መበተን ከንቱ ድካም ነው።

ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ የዘንግ ጎሚኒ ብቻውን አይበቃም፤ ጭረቱ መልሶ ይበላዋል። ያኔ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ክንዱ በጠንካራ ብረት ሳይደገፍ ግን ማንም ቱቦ አይፍታ።