የቤት ውስጥ ባለ ብዙ ትራክ የሙዚቃ ቀረጻ በድሬዳዋ

ባለ ብዙ ትራክ ቀረጻ እያንዳንዱን ድምፅና መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ በኋላ የማዋሃድ ዘዴ ነው። ከበሮው፣ ኡዱ፣ መሪው ድምፃዊና ተቀባዮቹ የየራሳቸው ትራክ ስለሚኖራቸው አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማረም ወይም እንደ አዲስ መቅረጽ ይቻላል። በድሬዳዋ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሙዚቀኛ የዕቃ ምርጫውን ከሁሉ በፊት የሚወስኑት ክፍሉ፣ ሙቀቱ፣ መብራቱና የሚቀረጸው ሙዚቃ ናቸው፤ የዕቃው ዋጋና ዝና ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ታሪክ

ከተማዋ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድንና ገና በልጅነቱ የተቀላቀለውን ድምፃዊ አሊ ቢራን አፍርታለች። በዚያ ዘመን ቀረጻ ማለት ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ሥራ ነበር። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በአዲስ አበባ ባሳተማቸው ሸክላዎችም ባንዱና ድምፃዊው አብረው ነው የተቀረጹት፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግም ነበር።

ባለ ብዙ ትራክ ቀረጻ ወደ መኖሪያ ቤት በስፋት የገባው ቲያክ የተባለው ኩባንያ በ1979 በተራ ካሴት የሚሠራ፣ ፖርታስቱዲዮ የተባለ ባለ 4 ትራክ መቅረጫ ሲያወጣ ነው። ለኢትዮጵያውያን ትልቁ ምሳሌ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአነስተኛ ስቱዲዮ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ብቻውን ደራርቦ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ፤ ካሴቱ በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል። በ2010ዎቹ ደግሞ እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች በኮምፒውተር ያቀናበሯቸው ሥራዎች በውጭ አገር ታትመዋል።

ክፍሉና ሙቀቱ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ማራገቢያ ካልተዘጋ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ከተዘጋ ደግሞ ድምፃዊው በጥቂት ደቂቃ ይደክማል። ስለዚህ ዘፈኑን በአጭር በአጭር ክፍል መቅረጽ፣ በመካከሉም ክፍሉን ማናፈስ ያዋጣል። የኡድና የክራር ክር በሙቀት ይላላል፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት መቃኘት ግዴታ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ፀሐይ ሲያገኘው ይንቋቋል፣ ባጃጅም ቀኑን ሙሉ ያልፋል። እስከ ንጋት አዛን ያለው የሌሊቱ ጊዜ ለስስ ድምፆች የተሻለ ነው።

የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የባጃጅ ድምፅ ያስቀራል የሚለው እምነት ብዙ ሰው አድክሟል። ከውጭ የሚመጣን ድምፅ የሚያግደው ክብደት ያለው ግድግዳና በደንብ የሚገጥም በር ነው፤ በከተማዋ ከዚራ ሰፈር ከምድር ባቡሩ ዘመን የቀሩት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቤቶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ክፍል ውስጥ የሚመላለሰውን ማስተጋባት ለመቀነስ ግን ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ልብስ የሞላው ቁም ሣጥን ይበቃሉ።

ማይክሮፎን

ኮንደንሰር ማይክ ዝርዝር ድምፅ ይይዛል፤ ከዝርዝሩ ጋር ግን ክፍሉንና መንገዱንም ይይዛል። ዳይናሚክ ማይክ ከቅርብ ሲዘፈንበት የዙሪያውን ድምፅ እምብዛም አያስገባም። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል የድሬዳዋ ሙዚቀኛ ዳይናሚክ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ እንደ ሹር ኤስኤም 57 እና ኤስኤም 58 ያሉት ድምፅንም ከበሮንም ይችላሉ። የማይኩን ጀርባ ወደ መስኮቱ ማዞር ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ኡድ ሲቀረጽ ማይኩን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ ከመደገን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አርቆ ወደ አንገቱ አዘንብሎ ማስቀመጥ የሚያጉረመርመውን ወፍራም ድምፅ ይቀንሳል።

በድሬዳዋው የታይዋን ገበያም ሆነ በሌላ ቦታ የሚገዛ ማይክ በጥንቃቄ ይታይ። ኤስኤም 58 በዓለም ላይ በብዛት ከሚኮረጁ ማይኮች አንዱ ነው። የዋናው ክብደት 298 ግራም ነውና ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ጥሩ የመጀመሪያ ፈተና ይሆናል።

ኦዲዮ ኢንተርፌስና መብራት

ብቻውን እየደራረበ ለሚሠራ ሰው ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ይበቃል፤ ስምንት መግቢያ የሚያስፈልገው ሙሉ ባንድ በአንድ ጊዜ ለሚቀርጽ ነው። ሁለተኛው መግቢያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ትልቅ ጥቅም አለው። መሪና ተቀባይ የሚመላለሱበትን ዘፈን ለየብቻ መቅረጽ ሕይወቱን ይወስድበታል፤ መሪው በአንዱ ማይክ፣ ተቀባዮቹና ጭብጨባው በሌላው ሆነው አብረው ቢቀረጹ ይሻላል። ኮንደንሰር ለሚጠቀም 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ኢንተርፌሱ በማይኩ ገመድ የሚልከው ኃይል) መኖሩ ይረጋገጥ።

ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስድ ኢንተርፌስ መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል። ምድር መስመር በሌለው ቤት ከቻርጀር የሚመጣ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ የተለመደ ነው፤ በቀረጻ ሰዓት ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ከአሜሪካ የመጣ የ110 ቮልት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከአገራችን 220 ቮልት ጋር ከተገናኘ ይቃጠላል። ሄድፎን ዙሪያው የተዘጋ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ የቀደመው ትራክ ወደ ማይኩ ይፈስሳል።

ሶፍትዌርና ቅኝት

ሪፐር የተባለው የቀረጻ ፕሮግራም ቀላል ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፣ 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የውጭ ክፍያ ላስቸገረው በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ ድምፅ ደርቦ ለመቅረጽ ያገለግላል። ኤፍኤል ስቱዲዮ ለምት ቅንብር የተመቸ ነው። በፍላሽ የሚዞሩ የተሰበሩ ቅጂዎች ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ የወራት ሥራ ሊያሳጡ ይችላሉ።

ከሶፍትዌሩ ስም ይልቅ አጠቃቀሙ ይበልጥ ይታሰብበት። ክራር፣ ማሲንቆና ኡድ በጆሮ ይቃኛሉ፤ የአንቺሆዬ ቅኝት ርቀቶችም ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር አይገጥሙም። የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ዝም ብሎ ከተከፈተ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ 12ቱ እኩል የፒያኖ ድምፆች ይጎትታል፤ የዘፋኙ ቅኝት በዚያው ይጠፋል። ማረሚያውን መዝጋት ወይም የቅኝቱን ድምፆች ብቻ ለይቶ ማዘጋጀት ይገባል። በነፃ የሚገኘው ሰርጅ ኤክስቲ ሲንተሳይዘር የራስን ቅኝት መጫን ይፈቅዳል። የችክችካ ምት በ6/8 ሳይሞላ በ4/4 ከተሞላ የፕሮግራሙ የምት ፍርግርግ (ግሪድ) ከምቱ ጋር ይጣላል። ፍጥነቱ ለሚተነፍስ ዘፈን ደግሞ ከክሊክ (ከፕሮግራሙ ምት ቆጣሪ ድምፅ) ይልቅ ከበሮውን አስቀድሞ ቀርጾ ሌላውን በእሱ ላይ መደረብ ይመረጣል።

ለቀረጻ 24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል። በዚህ መጠን የአንድ ሞኖ ትራክ አንድ ደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፤ 12 ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን 518 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዘፈኑ ለሚክስ (ለማዋሃድ) ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ትራኮቹ ሁሉ ከአንድ መነሻ ጀምረው በዌቭ (WAV) ፋይል ይውጡ፣ በቴሌግራምም እንደ ፋይል ይላኩ። የቅኝቱ ስም፣ መነሻ ድምፁና ምቱ ተጽፈው አብረው ይሄዳሉ።