ከዋና አባት እስከ አረንጓዴው ደብተር፦ የጋይንት ገበሬና የማሳው ዕድሜ

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የጉናን ትከሻ አልፎ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከዚያ በስተደቡብ አገሩ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል እየተዘቀዘቀ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ ተዳፋት ላይ ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ፣ ሲጥልም በአንድ ጊዜ ሲያወርደው፣ የገበሬው መመከቻ እርከን፣ ክትርና ዛፍ ነው። እነዚህ ግን ዛሬ ተለፍቶባቸው ፍሬያቸው ከዓመታት በኋላ የሚታይ ሥራዎች ናቸው። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለድርቅ ካጋለጧቸው ነገሮች አንዱ፣ ገበሬው በማሳው ላይ እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳያውቅ መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ርስት ይህን ዋስትና ሰጥቶ ነበር የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። በበጌምድርም ሆነ በጎጃም ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ትውልድ እየቆጠረ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አላን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ግን፣ የዘር መብቱ ሰፊ ቢሆንም በእጅ የሚገባውን መሬት የሚወስኑት ሙግትና ተሰሚነት ነበሩ። መብቱ አይጠፋም፤ ማሳው ግን ሊጠፋ ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ በርስት አገር ደግሞ ገበሬው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ፈቀደ። ይሁንና ለአዲስ ጎጆ ወጪ መሬት የሚገኘው ከነባሩ ተቀንሶ ስለነበር ሽግሽጉ ተደጋገመ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» የተባሉት የቀደሙት ሥርዓቶች ሰዎች ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይይዙ ተደረገ። ትልቁ ጉዳት የደረሰው በመተማመን ላይ ነው። አባቱ የካበው እርከን ለሌላ ሲመተር ያየ ልጅ፣ ድንጋይ መደርደር ለባዕድ መድከም ቢመስለው አይፈረድበትም።

አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የመሬት አዋጁን ካወጣ ብዙም ሳይቆይ ማሳ በገመድ እየተለካ፣ አዋሳኝ በስም እየተጻፈ፣ የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር መስፈር ጀመረ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ጎጃም ደብተር የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አነጻጽረው፣ የደረሳቸው በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ ይበልጥ እንደደከሙ አሳይተዋል።

ደብተር ዝናብ አያመጣም፣ ጠባብ ማሳንም አያሰፋም ይባላል። ልክ ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለረጅም ጊዜ በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የታቀፉት በወረቀት እጦት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሴፍቲኔት ሕዝቡ የገነባው እርከን የሚቆየው በየዓመቱ የሚጠግነው ባለቤት ካለው ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ መሬቱ የግል ሆኖ ይሸጥ ይለወጥ ይላሉ። መንግሥት እንደፈለገ እንዳይነጥቅ መሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ መፍትሔያቸውን ግን አልቀበልም። በድርቅ ዓመት ሁሉም በአንድ ጊዜ በሬውን ገበያ ሲያወጣ ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ ጋይንት ያውቃል። መሬትም በዚያ ሰዓት ቢሸጥ ባለቤቱ በሬውን መልሶ እንደሚገዛው ማሳውን መልሶ አይገዛውም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕጉ ስለ ሄደ ሰው የሚለው ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅ ለተከታታይ ዓመታት ከአካባቢው የጠፋ፣ ወይም መሬቱን ጦም ያሳደረ ባለይዞታ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ደነገገ። ዝናብ ሲከዳ ግን የዚህ አገር ሰው ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ መውረዱ ራሱ ድርቅን የሚሻገርበት ዘዴ ነው። የሚሄደው ሰው መሬቱን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ለእኩል ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ለአንድ ምርት፣ በቃል። የእኩል አራሹ ለመጪው ክረምት እንደሚያርሰው እርግጠኛ ስላልሆነ የፈረሰ እርከን አይክብም። ያው የ1998ቱ አዋጅ ግን መሬትን እስከ 25 ዓመት ማከራየት ይፈቅድ ነበር። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ውሉን ሲመዘግብ እርከኑን የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ውሉ ቢቋረጥም የለፋው እንዴት እንደሚካስ ቢያስጽፍ፣ ወራጁ ማሳውን እንዳያጣ፣ አራሹም ድካሙን እንዳይቀማ ሁለቱንም የሚያስተማምን ውል ይኖራቸዋል።