ከዝሆን ጥርስ ወደ እንጨት፤ የሰንጠረዥ ጠጠሮች ታሪክ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ የለም። የማባዣ ሰንጠረዥ ገና በአንደኛ ደረጃ ሳለን በቃላችን አጥንተናል፤ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥም በኬሚስትሪ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ዳሩ ግን ይህ ቃል ለቁጥርና ለዓምድ ከመዋሉ በፊት የጨዋታ ስም እንደ ነበረ፣ ጨዋታውም በነገሥታቱና በመሳፍንቱ አዳራሽ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲጫወቱት እንደ ኖረ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ቼዝ የምንለውን አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር፤ አጨዋወቱ ግን ከዛሬው ቼዝ በብዙ ነገር ይለያል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልገልጽ የምፈልገው ይበልጡን ስለ ጠጠሮቹ ነው፤ ጨዋታ ያለ ዕቃው አይኖርምና።

ጨዋታው የተወለደው በህንድ አገር ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ ቻቱራንጋ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም «ባለ አራት ክፍል» ማለት ሲሆን የሚያመለክተው የጥንቱን የህንድ ሠራዊት ነው፤ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ። ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻገረ፤ ዐረቦቹ ሸጥረንጅ አሉት፤ ወደ እኛ አገር ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ጠጠሮቹም የመጡበትን መንገድ በስማቸው ይዘው ቆይተዋል። ንጉሥና ፈረስ የታወቁ የአማርኛ ቃላት ናቸው። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ግን ስሙን ያገኘው አማካሪ ከሚል የፋርስ ቃል ነው። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። በጥግ የሚቆመው ደር፣ ከፊት የሚሰለፈው እግረኛ ደግሞ መደቅ ይባላል። ልብ በሉ፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ንግሥት የለችም። አውሮጳውያን ፈርዙን ወደ ንግሥትነት ለውጠው እንደ ልቧ እንድትሮጥ ሥልጣን የሰጧት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የእኛው ፈርዝ ግን እስከ መጨረሻው በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ሲራመድ ኖረ።

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት መኖሩን ከሚመሰክሩት ወሬዎች አንዱ የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። እኒህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 ነግሠዋል፤ ቢቺኒ የሚባል የቬኔሲያ ሰው ከእርሳቸው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ከበገናቸው ሌላ ሰንጠረዥ ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል። ከሁሉ የበለጠ ሥዕላዊ አድርጎ የጻፈው ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ነው። ሳልት የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ በጣም ትልልቅና ሻካራ፣ ለዓይንም የማያምሩ እንደ ነበሩ ይናገራል። አንዱ ተጫዋች የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው እንደሚያስወጣው፣ በዙሪያው የተቀመጡትም ሁሉ፣ አገልጋዮቹ ሳይቀሩ፣ ምክር እየሰጡና ጠጠሩን በእጃቸው እየነኩ አብረው እንደሚጫወቱ፣ በመጨረሻው ግን ራስ እንዲያሸንፉ በብልሃት እንደሚያደርጉ ጽፏል። (ይህ የመጨረሻው ብልሃት በሌላ አገር አዳራሽም የታወቀ ሳይሆን አይቀርም።)

ሳልት በጠጠሮቹ ላይ የሰጠውን ፍርድ ግን እኔ አልቀበለውም። የአንድ ዕቃ ቅርጽ ተገቢ ነው አይደለም ለማለት አስቀድሞ ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። የሰንጠረዥ አጀማመር ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ እንደ ፍጥነቱ፣ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ተራ የሚጀመረው መጀመሪያ አንድ ጠጠር ሲበላ ነው። ገበታውም የእንጨት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ቤቶቹ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መስመር ይከፈላሉ፤ እንደ ቼዝ ገበታ ነጭና ጥቁር ተደርገው አይቀቡም። እንግዲህ አስቡት። ጨርቅ ላይ የቆመ ጠጠር፣ አራት እጅ በአንድ ጊዜ የሚተራመስበት፣ ተመልካቹ ሁሉ የሚነካው፣ ሲበላም በኃይል የሚመታ ከሆነ፣ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ቢሠራ በየጊዜው ይወድቅ ነበር። አጭር፣ ወፍራምና ከባድ መሆኑ ጨዋታው ራሱ የጠየቀው ነገር ነው።

ስለ ዝሆን ጥርስ ከተነሣ የእኛ ከተማ የጋምቤላ ስም ሳይጠራ ሊታለፍ አይገባም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው፤ የቦታው ስፋት ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ፣ ከነዚሁም ጋር የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሳሉ። በዚያ ዘመን የአኙዋ መኳንንት የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ጠመንጃ ይገዙ ነበር። ስለዚህ በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ፊል ተብሎ በስም ብቻ የሚታወቀው እንስሳ በዚህ አገር በሥጋው ይገደል ነበር ማለት ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ ቀረ። የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ታገደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጠለ። ዛሬ አንድ መንገደኛ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣው የዝሆን ጥርስ ይዞ ቢገኝ ወንጀለኛ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ ንጉሥ ቢይዝ ግን የሚከለክለው የለም።

ሰንጠረዥ ራሱ ከዝሆን ጥርሱ ንግድ ቀድሞ ጠፍቷል። ጨዋታው ሰው በብዛት ሲጫወተው የቆየው እስከ ጣሊያን ወረራ፣ ማለት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ ነው። የሚጫወቱት መኳንንት በጦርነቱና በስደቱ ተበታተኑ፤ ከነጻነት በኋላ ያደገው ትውልድም በትምህርት ቤት የተማረው የአውሮጳውን ቼዝ ሆነ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን ጽፎ ስላሳተመ ደንቡ አልጠፋም። ስለዚህ የጎደለው ጠጠሩ ነው፤ ጠጠሩን ደግሞ ቶርኖ ሊሠራው ይችላል።

ቶርኖ ማለት እንጨቱን በሁለት ጫፍ ይዞ የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛው መሮውን በድጋፉ ላይ አሳርፎ የሚሽከረከረውን እንጨት ይልጠዋል። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ይሁን እንጂ መሣሪያው እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብፅ አገር በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ፣ አንዱ ሰው በገመድ ሲያሽከረክር ሌላው መሣሪያውን ይዞ ሲልጥ ተሥሎ ይታያል። የቶርኖ ጠባይ አንድ ነው፤ ክብ ነገር ብቻ ይሠራል። ቀለበት፣ አንገት፣ ጉልላት፣ ጽዋ የሚመስል ሁሉ ይወጣዋል፤ ፊት፣ ጆሮና እግር ግን አይወጣውም።

የዐረቦቹ ዘመን ጠጠሮች ከዚህ ጋር የሚስማሙ ነበሩ። የሰውና የእንስሳ መልክ ትተው ምልክት ብቻ አደረጉ፤ ፊሉ ሁለት ጉብታ፣ ፈረሱ አንድ ጉብታ፣ እግረኛው ትንሽ ድፍን ጉልላት ሆነ። የፊሉ ሁለት ጉብታ የዝሆኑ ጥርሶች ምልክት ነበር፤ ዝሆን የማያውቁት እንግሊዞች ግን የጳጳስ ቆብ መስሏቸው ጠጠሩን ጳጳስ ብለው ሰየሙት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1849 ናትናኤል ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናየውን ቅርጽ አስመዘገበ፤ በለንደን የዣክ ቤት ሠራው፤ በጊዜው በነበረው ታላቅ ተጫዋች በሃዋርድ ስታንተን ስም ተጠራ። ይህ ቅርጽ ዓለምን የያዘው ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው በቶርኖ ስለሚወጣ ርካሽ ነበረ። ከ32ቱ ጠጠሮች በእጅ መቀረጽ ግድ የሚሆነው የአራቱ ፈረሶች ራስ ነው። ደሩን ቆርጦ ማስነከስና የጳጳሱን ቆብ መሰንጠቅ የመጋዝ ሥራ ነው፤ የቀረውን ቶርኖው ይጨርሰዋል።

በዛሬው የቼዝ ደንብ የንጉሥ ቁመት 9.5 ሳንቲሜትር፣ የእግረኛው 5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የመሠረቱም ስፋት ከቁመቱ ከመቶ 40 እስከ 50 ነው። ለሰንጠረዥ ግን ከላይ በገለጽኩት ምክንያት ይህን ልክ መከተል ስሕተት ይመስለኛል፤ ቁመቱ አጥሮ መሠረቱ ሊሰፋ ይገባል። እንጨቱን በተመለከተ አገራችን አትቸገርም። ወይራ ጠንካራና ልስልስ ነው፤ መሮ ሲያርፍበት ጠርዙ አይፈርስም። ለጥቁሩ ወገን በምዕራብ ቆላ የሚበቅለው ዞቢ አለ፤ ከክብደቱ የተነሣ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ዋንዛ ለገበታና ለወንበር እንጂ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። እርጥብ እንጨት ፈጽሞ አይሆንም፤ በእንደ ጋምቤላ ያለ ሙቀት በጥድፊያ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተቆረጠውን እንጨት ሁለቱን ጫፍ ሰም ቀብቶ በጥላ ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘኑ ይገፈፋል፣ ቶርኖው ላይ ገብቶ ይከበባል፣ ቅርጹ በካርቶን ተቆርጦ ከጎኑ እየተያዘ ይመዘናል፣ ውፍረቱ በካሊብሮ ይለካል፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እጅጌው የሰፋ ልብስና የተንጠለጠለ ክራቫት ከቶርኖ ጋር አይስማሙም፤ ዓይንንም በመነጽር መሸፈን ነው። በየከተማው ያሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች የአልጋ እግርና የደረጃ ድጋፍ የሚያወጡት በዚሁ መሣሪያ ስለሆነ፣ የአልጋ እግር ያወጣ እጅ ንጉሥን ለማውጣት አይቸገርም።

የሚያስቸግረው ንጉሡ ሳይሆን መደቁ ነው። ንጉሥ በየወገኑ አንድ ነው፤ ትንሽ ቢለያዩም አይታወቅም። መደቆች ግን 16 ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በአንድ ሚሊሜትር ቢበልጥ በተሰለፉ ጊዜ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በአውሮጳው ጨዋታ እግረኛው የርካሽ ነገር ምሳሌ ነው። በሰንጠረዥ ደንብ ግን የአሸናፊው ክብር የሚመዘነው ንጉሡን በምን እንደ ማረከ ነው፤ በደር ወይም በፈረስ ያሸነፈ ብዙ አይመሰገንም፤ በፊል ወይም በፈርዝ ያሸነፈ ይመሰገናል፤ ከሁሉ በላይ የሚወደሰው በመደቅ ያሸነፈ ነው። ረዳት ጠጠር የሌለውን፣ ብቻውን የቀረውን ንጉሥም መማረክ አይፈቀድም። ስለዚህ ቶርኖ ላይ የሰንጠረዥ ዕቃ ለማውጣት የሚነሣ ሰው ከንጉሡ አይጀምር፤ ደኅናውን ወይራ መርጦ በመጀመሪያ አሥራ ስድስቱን መደቆች ያውጣ፤ የተበላሸውንም ከመቀጠል ይልቅ ጥሎ በሌላ ይተካ።