ልደትና መዝገብ፤ የዓረብ ሳላ ከጥፋት የተመለሰበት ታሪክ

ኦገስት 12 ቀን 1883 በአምስተርዳም ከተማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ አንዲት ኳጋ ሞተች። ኳጋ በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎች ይኖር የነበረ፣ አንገቱና ትከሻው ዥንጉርጉር፣ የኋላ ገላው ግን ቡናማ የሆነ የሜዳ አህያ ዐይነት ነበር። በዱር የነበሩት ቀደም ሲል በጠመንጃ አልቀው ስለነበር፣ በዚያች ዕለት የሞተችው የመላው ዘር የመጨረሻዋ ነበረች። ይሁን እንጂ ይህን በጊዜው ያስተዋለ አልነበረም። በየአገሩ የአራዊት ማቆያዎች ስንት ኳጋዎች እንደ ቀሩ፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ የትኛው ተባዕት ለየትኛዋ እንስት ሊቀርብ እንደሚችል የሚያሳይ አንድም የጋራ መዝገብ አልነበረምና። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአራዊት ማቆያ ውስጥ የሚደርስ ልደት ሁልጊዜ የደስታ ዜና ነው። ጋዜጣ ያወራዋል፤ ሕፃናት ስም ያወጡለታል፤ ጎብኚም ይበዛል። የሙያው ሰው ግን ደስታውን ሳይነፍግ ሦስት ጥያቄዎችን ይጨምራል። ይኸውም፣ የግልገሉ ወላጆች እነማን ናቸው? ልደቱስ በማን መዝገብ ላይ ሰፈረ? ካደገ በኋላ የሚመለስበት አገር አለውን? የሚሉት ናቸው። እነዚህ ጥያቄዎች እንዴት እንደ ተወለዱና መልሳቸው ሲገኝና ሲታጣ ምን እንደ ደረሰ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የዓረብ ሳላ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ

የዱር አራዊትን ዘር በመዝገብ የመያዝ ልማድ የተጀመረው በአውሮፓ ቢዞን ነው። ይህ ግዙፍ የዱር በሬ በፖላንድ የቢያሎቪየዣ ደን ውስጥ የነበረው በአንደኛው የዓለም ጦርነትና ወዲያው ከዚያ በኋላ በነበረው ሁከት አለቀ። በካውካሰስ ተራሮች የቀረውም በ1927 ጠፋ። በ1923 ለቢዞን ጥበቃ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ማኅበር በየአገሩ የአራዊት ማቆያዎችና በግል ርስቶች የተረፉትን ሲቆጥር ንጹሕ ዘር ያላቸው 54 ብቻ ሆነው ተገኙ። የሁሉም ትውልድ ወደ ኋላ ሲቈጠር የሚደርሰው ከ12 እንስሳት ላይ ነበር።

የፈረስና የከብት አርቢዎች ለዘመናት የትውልድ መዝገብ ሲይዙ ኖረዋል። ማኅበሩ ያደረገው ይህንኑ የእርባታ ልማድ ለዱር አውሬ ማዋል ነበር። በ1932 የመጀመሪያው የቢዞን መዝገብ ታተመ። በሃያ ዓመቱ፣ በ1952፣ በአራዊት ማቆያዎችና በጥብቅ ስፍራዎች የተራቡ ቢዞኖች ወደ ቢያሎቪየዣ ደን ተለቀቁ። መንገዱ እንዳለ ታወቀ፤ በሌላ ዝርያና በሌላ የአየር ንብረት እንደሚሠራ ግን ገና አልተፈተነም ነበር።

ሦስት ከበረሓ፣ ስድስት ከበረት

የዓረብ ሳላ በአዋሽ ሜዳ የሚታየው ሳላ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በአካል ያንሳል፣ ጠጉሩም ነጭ ነው። እንደ መጥረቢያ እጀታ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ በተባዕቱም በእንስቲቱም ላይ ይበቅላል። ከሣርና ከጤዛ በሚያገኘው እርጥበት ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይጠጣ መቆየት ስለሚችል፣ ሌላ ትልቅ እንስሳ በማይደፍረው የዓረብ በረሓ ሲኖር ቆይቷል። በግመል ተጭኖ የሚመጣ አዳኝ ጥቂቱን ቢገድልም መንጋውን ሊጨርስ አይችልም ነበር። ከነዳጅ ሀብት ጋር አውቶሞቢልና ፈጣን ጠመንጃ ወደ በረሓው ሲገቡ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሰሜኑ መንጋ በ1950 አካባቢ ጠፋ፤ የቀረውም ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦማንና ወደ ሐድረመውት ጠረፍ ተገፋ።

መቀመጫውን በለንደን ያደረገው የአራዊት ጥበቃ ማኅበር በ1962 ጉዞ አሰናዳ። መሪው በዚያን ጊዜ የኬንያ የዱር አራዊት ጥበቃ ኀላፊ የነበሩት ሻለቃ ኢያን ግሪምውድ ነበሩ። ቡድኑ በኤደን ግዛት ምሥራቃዊ በረሓ አሰሳ ካደረገ በኋላ የያዘው አራት ሳላዎችን ብቻ ነው። ከእነዚህም አንዱ ተባዕት ስለ ሞተ፣ ሁለት ተባዕትና አንዲት እንስት ተረፉ። በሦስት እንስሳት ዘር ማቆም እንደማይቻል ግልጽ ስለ ነበር ልመናው ወደ ሌሎች በረቶች ተላከ። የለንደን የአራዊት ማቆያ አንዲት እንስት ሰጠ፤ ከኩዌት ሌላ እንስት ተገኘች፤ ከሪያድ የንጉሥ ሳዑድ በረት ደግሞ ሁለት ጥንዶች መጡ። በዚህ ዐይነት ዘጠኝ እንስሳት ተሰበሰቡና «የዓለም መንጋ» ተባሉ።

መንጋው የሰፈረው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ክፍለ ሀገር፣ በፊኒክስ ከተማ አዲስ የተከፈተ የአራዊት ማቆያ ነው። ቦታው የተመረጠው ደረቅና ሞቃት በመሆኑ፣ ከዓረብ በረሓ ጋር ስለሚመሳሰል ነበር። በኦክቶበር 1963 የመጀመሪያው ግልገል ተወለደ። የሳላ እንስት ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ብቻ ስለምትወልድ፣ የመንጋው ዕድገት አዝጋሚ ነበር። በመሆኑም እያንዳንዱ ልደት በመዝገብ ላይ ቍጥር፣ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ እየተሰጠው ሰፈረ።

በ1972 ከፊኒክስ ተከፍለው የወጡ ሳላዎች በካሊፎርኒያ ወደ ሳን ዲዬጎ ተወሰዱ። አንድ ተላላፊ በሽታ ቢነሣ መላው ዘር በአንድ ቀን እንዳይጠፋ መንጋውን መክፈል አስፈላጊ ነበር። በዚያው ዓመት በኦማን በረሓ የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች ተገደሉ። ከዚህ በኋላ የዓረብ ሳላ በምድር ላይ የሚገኘው በሰው አጥር ውስጥ ብቻ ሆነ።

መዝገቡ የገለጠው ነገር

የመዝገቡ ጥቅም ቍጥርን ከማወቅ ያልፋል። በአንድ በረት ውስጥ ብርቱ የሆነው ተባዕት ሌሎቹን አሸንፎ እንስቶቹን ሁሉ ቢያጠቃ፣ መንጋው በዝቶ ይታያል፤ በውስጡ ግን የሌሎቹ ተባዕት ዘር ይጠፋል። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ወንድምና እኅት፣ አባትና ልጅ መገናኘታቸው አይቀርም። ጎብኚው የሚያየው ብዛትን ነው፤ የዘሩን መጥበብ የሚያሳየው ግን መዝገቡ ነው።

ይህ ስጋት ለረጅም ጊዜ በግምት ሲነገር ቆይቶ በማስረጃ የተረጋገጠው በ1979 ነው። በዋሽንግተን ብሔራዊ የአራዊት ማቆያ ካትሪን ራልስና የሥራ ባልደረቦቻቸው የ16 ዝርያ ሰኮና ያላቸው እንስሳትን የልደትና የሞት መዛግብት አገላበጡ። ከ16ቱ በ15ቱ፣ ከቅርብ ዘመዳሞች የተወለዱት ግልገሎች ከሌሎቹ ይልቅ በለጋነታቸው እንደሚሞቱ አገኙ። ለዚህ ጥናት አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም። ከዓመታት በፊት ተራ የበረት ጠባቂዎች ቀን በቀን የጻፉት ማስታወሻ ነበር የተነበበው። በ1981 የአሜሪካ የአራዊት ማቆያዎች ለተመረጡ ዝርያዎች የጋራ የርቢ ዕቅድ ሲያወጡ፣ አንድ እንስሳ ከማን ጋር እንደሚራባ የሚወስነው የበረቱ ባለቤት ፍላጎት ሳይሆን የመዝገቡ ስሌት ይሁን ማለታቸው ነበር።

ወደ በረሓ መመለስ

ኦማን የጠፋባትን እንስሳ ለመመለስ በሱልጣን ቃቡስ ፈቃድ ሥራ ጀመረች። በ1980 የመጀመሪያዎቹ ሳላዎች ከአሜሪካ ተጓጕዘው ጂዳት አል-ሐራሲስ በተባለው ሰፊ ጠፍ መሬት፣ ያሉኒ ላይ ደረሱ። ወዲያው አልተለቀቁም። በመጀመሪያ በትንንሽ በረቶች፣ ቀጥሎም በሰፊ አጥር ውስጥ ተቀመጡ። ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡት እንስሳት እርስ በርሳቸው ተዋውቀው፣ መሪያቸውን ለይተው አንድ መንጋ እስኪሆኑ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ተጠበቀ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1982 ዐሥር ሳላዎች ከአጥሩ ወጡ። የመጨረሻው የዱር ሳላ ከተገደለ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላም ነበር።

ጥበቃው የተሰጠው ለዚያው አገር አርብቶ አደሮች፣ ለሐራሲስ ጎሣ ሰዎች ነው። ዱካ መለየትና በረሓውን ማንበብ የሚያውቁ በመሆናቸው ከማንኛውም የውጭ ባለሙያ የተሻሉ ነበሩ። ለእነርሱም ደመወዝ ያለው ሥራ ሆነ። በ1994 ስፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በ1996 በኦማን በረሓ የነበሩት ሳላዎች 450 ያህል ደርሰው ነበር።

ውድቀቱ የመጣው ከዚሁ ዓመት ጀምሮ ነው። አዳኞች በዚህ ጊዜ የፈለጉት ሥጋና ቀንድ አልነበረም። እንስሳው ብርቅ በመሆኑ በሕይወት ተይዞ ለግል ስብስብ ይሸጥ ጀመር። ብርቅነቱ ያተረፈለት ዝና መልሶ ጠላት ሆነበት። እስከ 2007 ድረስ 65 ብቻ ቀሩ፤ ከእነዚህም ሊራቡ የሚችሉት ጥንዶች አራት ያህል ነበሩ። መንግሥት የተጠበቀውን ስፍራ በመቶ 90 እጅ ስለ ቀነሰው፣ ዩኔስኮ በ2007 ስፍራውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘ። ከዚያ በፊት ከዚህ መዝገብ የተሰረዘ አንድም ስፍራ አልነበረም።

የሆነ ሆኖ ዝርያው ዳግመኛ አልጠፋም። ምክንያቱም ዕጣው በአንድ ሜዳ ላይ ብቻ አልተጣለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1990 በማሓዛት አስ-ሰይድ፣ በ1995 ደግሞ በዑሩቅ በኒ መዓሪድ ሳላዎችን ለቃ ነበር። በሌሎች አገሮችም መንጋዎች ነበሩ። በ2011 በዱር የሚኖሩት አንድ ሺህ ያህል በመድረሳቸው፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዓረብ ሳላን አደጋ ደረጃ ዝቅ አደረገው። ከዱር ፈጽሞ ጠፍቶ የነበረ ዝርያ እስከዚህ ደረጃ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሳላና አንበሳ በኢትዮጵያ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሙያ ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ሲመሠረት በዋናነት ከታሰበላቸው እንስሳት አንዱ ሳላ ነበር። የዓረብ ሳላ በጠፋበት ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ሳላ በሺህ እየተቈጠረ በሜዳ ይሰማራ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ዓለም አቀፍ ኅብረት ዝርዝር ላይ፣ ፈጽሞ ጠፍቶ የነበረው የዓረብ ሳላ፣ ከቶ ጠፍቶ ከማያውቀው ከአፍሪካ ቀንድ ሳላ በተሻለ ደረጃ ላይ ይገኛል። አንዱ ከጠፋ በኋላ ተቈጠረ፣ ተመዘገበ፣ ተጠበቀ፤ ሌላው በብዛቱ ታምኖበት ቀስ በቀስ መመናመኑ ሳይስተዋል ቀረ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ ነው። ግቢው በ1948 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ አንበሶች አምስት ተባዕትና ሁለት እንስቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ጋማቸው ጥቁርና ከደረት አልፎ እስከ ሆድ የሚወርድ በመሆኑ ከሌሎች ይለያሉ። በዚህ ግቢ ልደት ጠፍቶ አያውቅም። እንዲያውም በ2006 ቦታና ገንዘብ በማነሱ ደቦሎች እንደሚገደሉ በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተነገረ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ከግቢው 15 አንበሶች በተወሰደ ናሙና ላይ ያደረገውን የዘረመል ጥናት አሳተመ። የአዲስ አበባዎቹ አንበሶች ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት የዱር አንበሶች የተለየ የዘር ባሕርይ እንዳላቸው ተገለጠ፤ በዕቅድ እንዲራቡም ተመከረ።

ሁለቱ ዜናዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስደነግጡ ናቸው። በአንደኛው ዜና ደቦል ትርፍ ነበር፤ በሁለተኛው ግን የማይተካ ሀብት ሆነ። በመካከሉ የተለወጠው አንበሳው ሳይሆን ስለ አንበሳው የታወቀው ነገር ነው። የዓረብ ሳላ በዘጠኝ፣ የአዲስ አበባ አንበሳም በሰባት ጀመሩ። መነሻቸው ተቀራራቢ ነበር። የዘጠኙ ልጆች እስከ በረሓ ሊደርሱ የቻሉት እያንዳንዱ ልደት ከሌሎች አገሮች ልደት ጋር በአንድ ዕቅድ ስለ ተያያዘ ነው።

ከዚህም አልፎ፣ መዝገብ ፈጽሞ ሊረዳቸው የማይችል ዝርያዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። ቀይ ቀበሮ በየትኛውም አገር የአራዊት ማቆያ የርቢ ክምችት ኖሮት አያውቅም። በባሌና በሰሜን ተራሮች ያለው ቢጠፋ ከፊኒክስም ሆነ ከለንደን የሚመጣ ምትክ የለም። ለእንዲህ ያለው እንስሳ ያለው መጠባበቂያ ተራራው ራሱ ነው።

እንግዲህ የአራዊት ማቆያ ልደት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የኦማን ታሪክ እንደሚያስተምረው፣ የተሟላ መዝገብ ቢኖርም ሜዳው ካልተጠበቀና የሜዳው ነዋሪ ተጠቃሚ ካልሆነ ድካሙ በጥቂት ዓመታት ይፈርሳል። የኳጋዋ ሞት እንደሚያስተምረው ደግሞ፣ መዝገብ ከሌለ የመጨረሻይቱ እንስሳ በዐይን ፊት ቆማ ሳትታወቅ ታልፋለች። ለእንስሳት ሐኪሙ፣ ለአርቢውና ለበረት ጠባቂው የቀረው ተግባር ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ግልገል በተወለደባት ሌሊት፣ ጎብኚው ከመምጣቱና ስም ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ የእናቲቱንና የአባቱን ቍጥር በትክክል መጻፍ ነው።