አገር ስጪኝ፦ ልጆች መሸነፍን የተማሩባቸው ጨዋታዎች



እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳየ ጽፏል። የድሮው ሰንጠረዣችን ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ ዘመድ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ተራ አለመኖሩ ነው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ሠራዊት እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ጮክ ብሎ ምክር ይሰጣል። ሆይ ሆይታው ግን መጨረሻው አንድ ነበር፤ ተጋጣሚዎቻቸው በዘዴ እየለቀቁ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጓቸዋል።

ይህን ስናነብ የሳቅነው የየቤታችንን ነገር ስላስታወሰን ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እንዳያለቅስብን ብለን ስንት ጊዜ ካርታችንን ደብቀን ተሸንፈናል! ራስ ወልደ ሥላሴ ሥልጣን ነበራቸውና ሰው ቢለቅላቸው አያስገርምም። የእኛ ልጆች ግን ነገ የሚጠብቃቸው ፈተና፣ የሥራ ውድድርና የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ እዚያ ማንም አይለቅላቸውም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ልጆቻቸውን ሽንፈትን በጸጋ መቀበል በምን ያስተምሯቸው ነበር ብለን ጠየቅን።

በሰንጠረዥ ራሱ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በጠንካራ ጠጠር ንጉሡን መያዝ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር፤ የሚያስመሰግነው በደካሞቹ ማሸነፍ ነው። የገና ጨዋታም አለ፤ በታኅሣሥ 29 ሰፈር ከሰፈር፣ መንደር ከመንደር ይገጥማል፣ በዚያ ቀን ጌታው ሎሌው በዱላ ቢነካው አይቆጣም፣ ተሸናፊውም የአሸናፊውን ፌዝ ይችላል። ነገር ግን ሰንጠረዡ የመኳንንት፣ ገናው የወንዶች ነበር። ሴት ልጅ ዳር ቆማ ታያለች እንጂ ዱላ አትይዝም። ሴቶች የት ተማሩ ካልን መልሱ ሰኞ ማክሰኞ ላይ፣ ቅልብልቦሽ ላይና ከሁሉም በላይ ምድጃ ዳር ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር የረገጠች «ተቃጠልሽ» ትባላለች፣ ድንጋይዋን አንስታ ተራዋን ትለቃለች፤ ለረጅም ክርክር ጊዜ የለም፣ ሌላዋ እየጠበቀች ነው።

ምድጃ ዳር ያልነው እንቆቅልሽን ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን እንዴት እንደተሠራ ቆም ብለን አስበንበት አናውቅም። አያት «እንቆቅልሽ» ስትል ልጅቷ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። ጥያቄው ይጠየቃል። ልጅቷ ትሞክራለች፣ ደግማ ትሞክራለች፣ ሲያቅታት አያት «አገር ስጪኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ተሸናፊዋ አገር ትሰጣለች። ጎንደርን ልትሰጥ ትችላለች፣ ሐረርን ልትሰጥ ትችላለች። አያት ካልወደደችው «አልፈልግም፣ ሌላ ጨምሪ» ትላለች፤ ስትስማማ አገሩን ተረክባ እዚያ ምን እንደበላች፣ ምን እንደለበሰች፣ እንዴት እንደተከበረች ትዘረዝራለች፤ ለተሸናፊዋ ደግሞ የቀረላትን እየጠቀሰች ታሾፍባታለች። ከዚያ መልሱ ይነገራል። ወዲያው ሌላ እንቆቅልሽ ይከተላል፤ አሁን ጠያቂዋ ልጅቷ ልትሆን ትችላለች፣ አያትም የማታውቀው ይመጣባትና አገር ትሰጣለች።

በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ስናይ የሚገርመን አንድ ነገር ነው፤ ሽንፈቱ ዋጋ አለው፣ ዋጋው ይከፈላል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ልጅቷ «አላውቀውም» ብላ አንገቷን ደፍታ አትቀርም። የምትሠራው ሥራ አላት። ከተማ ትመርጣለች፣ ትደራደራለች፣ ፌዙን ትሰማለች፣ በመጨረሻም ቅድም ያላወቀችውን መልስ ይዛ ትነሣለች፤ ነገ ለጎረቤት ልጅ ራሷ ትጠይቅበታለች። ለዚያውም የሰጠችው አገር የእሷ አልነበረም!

ፌዙን የማይወዱ እናቶች አሉ፤ የልጅን ሞራል ይነካል ይላሉ። እኛ አንስማማም። የእንቆቅልሽ ፌዝ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለ ልጅቷ መልክ፣ ስለ አባቷ ድህነት ወይም ስለ ትምህርት ውጤቷ አያነሣም። ዛሬ ለእሷ የተባለው ነገ ለእህቷ ይባላል፣ ከነገ ወዲያ ለአያት። የሚጎዳው ሌላኛው ነው፤ «አንቺ ድሮም ደደብ ነሽ» የሚለው፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላም የሚቀጥለው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ብድር ስትጠይቅ ምክንያቷን ደፍራ ተናገረች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ ቤቲንግ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የተበላው ትንሽ ብር ነበር። ያቺን ላስመልስ ብሎ የታክሲውን፣ ከዚያ የስልኩን፣ ከዚያ ለቤት ኪራይ የተቀመጠውን ጨመረበት። «ኳስ ስለሚወድ አይደለም፣ መበላቱን መቀበል ስላቃተው ነው» አለች እናቱ፤ ከእኛ ማንም ከዚህ የተሻለ ሊያስረዳው አይችልም ነበር። ቤቲንግ ቤት ውስጥ «አገር ስጠኝ» የሚል የለም። ሂሳቡ መቼም አይዘጋም፣ እንዲዘጋም አይፈለግም። የስልክ ጌሞቹም ቢሆኑ ልጅ ሲሸነፍ የሚያሳዩት እንደገና ጀምር የሚለውን ቁልፍ ብቻ ነው፤ ተሸንፌያለሁ የሚልበት ፋታ አይሰጡትም።

ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ እናቶች ሂሳብ ሲያወራርዱ ልጆቹ በአዳራሹ ጥግ እንቆቅልሽ እንዲጫወቱ አደረግን። ትልልቆቹ አፈሩ፣ ትንንሾቹ ግን ወዲያው ገባቸው። አንድ ወንድ ልጅ ሲሸነፍ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ጓደኞቹ በሩ ላይ ይዘው «አገር ሳትሰጥ አትወጣም!» አሉት፤ አዳማን ሰጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። የሚሰጡት አገር ግን ተቀይሯል። እኛ በልጅነታችን ጎጃምና ወሎ እንል ነበር፤ እነሱ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሳዑዲ ይላሉ።

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከአንድ አባላችን ጋር ገጥማ ተሸነፈች። አባላችን አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ልጅቷ ትልቅ ስጦታ የሰጠች መስሏት «ዱባይን ሰጥቼሻለሁ» አለቻት። ሴትየዋ ትንሽ ዝም አለችና «እሱን አልፈልግም የኔ ልጅ፣ ሌላ ስጪኝ» አለች። ልጅቷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አሰበች፣ ከዚያ ደሴን ሰጠቻት።