ስለ ቅኔ ዘረፋና ስለ ተቀባዩ

ቅኔ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አዲስ ምስጋና ነው። አዲስ መባሉም በከንቱ አይደለም፤ ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ ቢደገም፥ ወይም የሌላ ሰው ቅኔ እንደ ራስ ተደርጎ ቢቀርብ፥ በሊቃውንት ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ባለቅኔው የበዓሉን ታሪክና የዕለቱን ነገር ይዞ፥ በቆመበት ሰዓት በግእዝ ቋንቋ ቤት እየመታ ይናገራል። አበውም ይህን ሥራ «ዘረፋ» ብለው ጠሩት። ቃሉ የወንበዴ ነው፤ ነገር ግን ማንም ያልነካውን ምሥጢር ፈጥኖ ለሚነጥቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ለደሴ አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ ከሚባሉት ሦስት የታወቁ የቅኔ ቤቶች መካከል ዋድላ የወሎ ነው፤ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ የደላንታ ጎረቤት ሆኖ ይገኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥና አገባብ ከተማረ በኋላ፥ መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ሰሙንና ወርቁን ይፈታለታል። እርሱም ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል ጥግ ብቻውን ተሸሽጎ ቅኔ ይቆጥራል። በብራና አይጽፍም፤ በልቡ ይሠራል፤ የሠራውንም ለመምህሩ ነግሮ በቃል ይታረማል። ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳያጠራ ወደ ባለ 6 ቤቱ ሥላሴ፥ ወደ ባለ 8 ቤቱም መወድስ አይሻገርም። በበዓል ቀን በድንገት የፈለቀ የሚመስለው ቃል፥ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ እየለመነ የተማረ ሰው የብዙ ዓመት ድካም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግን ባለቅኔው ብቻውን አይቆምም። እርሱ ቤት በቤት ሲነግር፥ ሌላው ተቀብሎ በዜማ ያሰማል። ተቀባዩ ቃሉን አስቀድሞ አላየውም፤ አንድ ፊደል ቢስት ወርቁ ከሰሙ ይለያያል። ይህ ሥርዐት ከቅጥር ውጭም ዘመድ አለው። የወሎ አዝማሪ በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት መሰንቆውን ሲመታ፥ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ወዲያው በዜማ ያወጣዋል። ካህናት ይህን ማነጻጸር ላይወዱት ይችላሉ፤ ቢሆንም በሁለቱም ዘንድ ተናጋሪው ክብሩን ለሌላ ሰው አፍ አደራ ይሰጣል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ»ን አሳትመው የብዙ ሊቃውንትን ቃል ከመጥፋት አድነዋል፤ ሥራው ታላቅ ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የገባ ቅኔ ለተማሪ አብነት ይሆናል እንጂ ለማኅሌት አይመለስም። ጉባኤው ከታጠፈ፥ ሺህ ቅኔ ቢታተም አንድ ዘራፊ አይወጣበትም። ለኢዮቤልዩም ቢሆን የቀደሙት ሊቃውንት ቅኔ አይበቃም፤ ለዕለቱ ሌላ ይጠበቃል። ያማረ እንደ ሆነ ማኅበሩ «ይበል!» ይላል፤ ከማኅሌት ሲወጡም ጥቂቶች በቃላቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ የቀረው ከዕጣኑ ጢስ ጋራ ያልፋል።