ከጀማ ንጉሥ እስከ ሸህ ጦልሃ፦ የወሎ ሸሆችና የገበሬው አመጽ

ኮሪያዊው ቾ ጄዉ በ1860 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዶንግሃክ የተባለ እምነት በ1894 ግብርና የሹም በደል ያንገፈገፋቸውን ገበሬዎች አሰለፈ። ሃይማኖት ለአመጽ መንገድ ሲጠርግ ማየት ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ ዶንግሃክ አዲስ እምነት ሲሆን ወሎ ላይ የተነቃቃው የኖረ ሃይማኖት መሆኑ ነው።

መነሻው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የቃዲሪያን የሱፊ ጠሪቃ አስፋፉ፤ በኋላ ሰይድ ቡሽራ ጌታ በተባለው ስፍራ፣ ሸህ ጀውሃር ሐይደር ደግሞ ከከሚሴ ብዙም በማትርቀው በሾንኬ አስተማሩ። ደረሳው (የሃይማኖት ተማሪው) ከመንደር መንደር እየዞረ ኪታብ ይቀራል፤ ገበሬው ቀለቡን ይችለዋል። ሸህና አራሽ የተሳሰሩት እንግዲህ ገና ጦር ሳይነሣ ነው። የኋላውን ታሪክ ያለዚህ ትስስር መረዳት አይቻልም።

ማጠፊያው በ1870 ዓ.ም. የተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብለው ሹመታቸውን ይዘው ቀጠሉ። የአራሹ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ በሩን ዘግቶ የሚሰግደው በዛ። ወታደር ሲዘምትም ቀለቡ የሚወጣው ከዚሁ ገበሬ ጎተራ ነበር። ስለዚህ የተከተለውን አመጽ «የሃይማኖት ጦርነት» ብቻ ማለት፣ በእኔ ግምት፣ ግማሹን ትቶ ማለፍ ነው።

አመጹን ከመሩት ጎልተው የወጡት ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። ሰው ያነቃቁት በነፍጥ ብቻ አልነበረም፤ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ ዓጀም በሚባለው ስልት፣ መንዙማ ደረሱ። ዓረብኛ ያልተማረው አራሽ ሳይቀር በቃሉ ይዞት ይሄዳል። የዮሐንስና የምኒልክ ጦር ወሎ ላይ ዘምቶ አመጹን ቢደቁሰውም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ሲወድቁ የመጠመቁ ግዴታ ላላ። የኮሪያው አመጽ መሪ ቾን ቦንግጁን በ1895 እ.ኤ.አ. ሲገደል፣ ሸህ ጦልሃ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ኖረዋል።

በዝርዝር ውጊያው ላይ ባለሙያዎች ይነጋገሩበት። ዛሬ በመውሊድ ሰሞን ጀማ ንጉሥ የወጣ ሰው የሚያየው ሌላ ነው፦ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ተጥዷል፤ ድቤው ሲመታ መንዙማውን ተቀባዩ ሕዝብ ያነሣዋል።